ያልለፋ ቆዳ

የጦሩን ስንቅና ትጥቅ የሚቆጣጠረው ሻምበል ከመኪናው ወርዶ የጫማ ፋብሪካውን ደረጃ ሁለት ሁለት እየረገጠ ወጣ። በብብቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ዘበኛው ተነስቶ ሰላምታ እስኪሰጠው እንኳን አልጠበቀም። የስፌት ክፍሉን መሃል ለመሃል ሲያቋርጥ አርባ ሁለቱ የስፌት መኪናዎች ከበሩ ጀምሮ በተራ በተራ ዝም እያሉ ሄዱ። ሴቶቹ አንገታቸውን ሳያቀኑ በዓይናቸው ጥግ ሸኙት። ማን ጋ ነው የሚቆመው? ሁሉም በልባቸው የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር። ባለፈው ወር እንዲሁ ድንገት መጥቶ ክር የምታድለዋን ሴት ይዟት ሄዶ፣ ወንበሯ እስካሁን ባዶ ነው።

የቆመው ከክፍሉ ጫፍ፣ በመስታወት በተከለለችው ጠባብ ቢሮ በር ላይ ነው። እዚያ ውስጥ ጋሽ ወስፌ አንድ ከስክስ ጫማ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ሰው ካጣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሰውነቱ ቀጭን፣ ዓይኑም የተበላሸ ስፌት ከሩቅ የሚወጋ ስለነበር በወጣትነቱ ወስፌ አሉት፤ ጸጉሩ ሲሸብት ደግሞ ጋሽ ተጨመረለት። የፋብሪካው የመጨረሻ ተቆጣጣሪ እሱ ነው። እሱ ያላየውና ሰባት ቁጥር ማኅተሙን ያልመታበት ጫማ ከበር አይወጣም።

ሻምበሉ በሩን ዘግቶ ጋዜጣውን ፈታና ያመጣውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። የአንድ እግር ከስክስ ነው፤ ጭቃ ደርቆበታል፤ ሶሉ ከፊት እስከ ታኮው ተላቆ እንደ ደከመው ውሻ ምላስ ተንጠልጥሏል።

በአንድ ሳምንት ጉዞ ሦስት መቶ ጥንድ እንዲህ መሆኑን ነገረው። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። ሻምበሉ ሰውን ሁሉ እርስዎ ነው የሚለው፤ ፋብሪካው ውስጥ ግን ከዘበኛው ስድብ ይልቅ የሻምበሉ አንቱታ ነበር የሚፈራው።

«እዚህ ቤት ውስጥ እጅ አለ» አለ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። «የሚሰፋ ሳይሆን የሚፈታ እጅ። እርስዎ ደግሞ ሁሉንም ያያሉ።»

ጋሽ ወስፌ ጫማውን አገላብጦ አየው። ክሩ አልተበጠሰም፤ ሚስማሮቹም በቦታቸው አሉ። የለቀቀው ራሱ ቆዳው ነው። ይህን ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ቆዳውን የሚልከው የመንግሥት ቆዳ ፋብሪካ ነው፤ በመንግሥት ፋብሪካ ላይ ጣት የቀሰረ ሰው ነገ የት እንደሚያድር አይታወቅም። ሻምበሉ ማስቲሹን ማን እንደሚቀባ፣ ክሩን ማን በሰም እንደሚነክር፣ ባል የሌላት ማን እንደሆነች፣ ወንድሟ ከዘመቻ የቀረባት ማን እንደሆነች አንድ በአንድ ጠየቀው። ጋሽ ወስፌም የሚያውቀውን ያህል መለሰ። በመጨረሻ ሻምበሉ ለመሄድ ተነስቶ፣ እጁ የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ ዘወር አለ።

«ምራትዎ ምሳ ሰዓት የት ነው የምትሄደው?»

«አላውቅም» አለ ጋሽ ወስፌ።

እውነቱን ነው፤ አያውቅም። ግን ሻምበሉ ደረጃውን ወርዶ መኪናው ከተነሳ በኋላም ያቺ አንድ ቃል አልለቀቀችውም። ከእኔ ጋር ነው የምትበላው ማለት ይችል ነበር። እኅቷ ጋ ትሄዳለች ማለት ይችል ነበር። የልጁን ሚስት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የምታድር ልጅ፣ ለሰው አሳልፎ ለመስጠት አላውቅም ትበቃለች።

የክተት አዋጁ ከታወጀ ያኔ ስምንተኛ ወሩ ነበር። ሲነበብ ሰው ሁሉ ክተት ማለት ጠመንጃ ይዞ መሄድ ብቻ መስሎት ነበር፤ ኋላ ግን አዋጁ ጓዳ ድረስ ገባ። መጀመሪያ የጋሪ ፈረሶች ተመዝግበው ተወሰዱ። ቀጥሎ የመናፈሻው የብረት አጥር ተነቅሎ ለመድፍ ጥይት ቀለጠ። ትምህርት ቤቱ ሆስፒታል፣ የአናጢው ቤት የጥይት ሣጥን መምቻ ሆነ። ዳቦ በካርድ ሆነ፣ ሳሙና በካርድ ሆነ፣ ኋላ ላይ ካርዱ ራሱ ጠፋ። ይህ የጫማ ፋብሪካም ከአዋጁ በፊት ባለ ረጅም ተረከዝ የሴት ጫማና የሕፃናት ሰንደል ነበር የሚሠራው። ከሰሉ ሁሉ ለባቡር ሲወሰድ፣ ጫማዎቹ የሚወጠሩባቸው የተወለወሉ ትንንሽ የእንጨት ፎርማዎች ምድጃ ገብተው ነደዱ። ወንዶቹ ሲዘምቱ ሚስቶቻቸውና እኅቶቻቸው መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። በቀን ስልሳ ጥንድ ከሚወጣበት ቤት አራት መቶ ጥንድ ከስክስ ይወጣ ጀመር።

በዋናው በር አጠገብ ደግሞ አፏ የጠበበ የቆርቆሮ ሣጥን ተሰቀለች። የጠረጠራችሁትን ጽፋችሁ ክተቱ ተባለ፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም። መጀመሪያ ሰሞን ሠራተኛው ይሳሳቅባት ነበር። አንዷ ባሏ እንደሚያንኮራፋ ልትጠቁም እንደሆነ ተናግራ ሁሉንም አስቃለች። ክር የምታድለዋ ከተወሰደች ወዲህ ግን የሳቀ የለም። በሣጥኗ ፊት ሲያልፉ እጅን ከኪስ ማውጣት ልማድ ሆነ፤ ወረቀት እንዳልያዙ ለማሳየት።

ምራቱ በዘጠነኛው መኪና ላይ ናት። ልጁ ባገባት በዓመቱ ዘመተ፤ ከዚያ ወዲህ አማትና ምራት በሁለት ክፍል ቤት አብረው ይኖራሉ፤ ተግባቢም ነበሩ። ያን ከሰዓት ግን ጋሽ ወስፌ በመስታወቱ ውስጥ ሲያያት ዋለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ የምታደርገው ሁሉ ሌላ ትርጉም ያዘበት። ባለፈው ሳምንት እሱ ሲገባ ወረቀት አጥፋ ደረቷ ውስጥ የከተተችው ለምን ነበር? ጫማዋን ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለው ጥቁር የከሰል ጭቃ የነካው የት ስትሄድ ነው? ከልጁስ ደብዳቤ የለም ወይ ባላት ቁጥር ፖስታው ዘገየ የምትለው ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ ነው። ሁለት ወር ዘገየ። ጎረቤቶቹ ከልጆቻቸው በየሳምንቱ ያገኙ የለ?

ማታ ራት ሲበሉ ሊጠይቃት ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ስለ ጨው አወራ።

በማግስቱ የምሳ ደወል ሲደወል ካፖርቱን ደረበና ከሃምሳ እርምጃ ርቀት ተከተላት። ልጅቱ መሐረቧን ግንባሯ ድረስ ስባ፣ በዳቦ ቤቱ ሰልፍ ጎን አልፋ፣ ሐዲዱን ተሻግራ ወደ ከሰል ማከማቻው ጀርባ ታጠፈች። ሁለት ጊዜ ወደኋላ ዞረች። ሁለቱንም ጊዜ ጋሽ ወስፌ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ የገዛ ምራቱን እንደ ሌባ ሲከታተል ራሱን በሱቅ መስኮት መስታወት አይቶ አፈረ። ያም ሆኖ አልተመለሰም።

ጣሪያው ዝቅ ያለ አንድ ቤት ገባች። በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቷል። ጋሽ ወስፌ ተጠግቶ በክፍተቱ ሲያይ፣ ልጅቱ ከመሐረቧ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጀርባውን ለሰጠ ሽማግሌ ስታቀብል ደረሰ። ሽማግሌውም ከፍራሹ ሥር የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። ሻምበሉ እንዳለው ሆነ ማለት ነው። እጁ የተባለው እጅ፣ ለሰባት ወር ቁርሱን የሚያቀርብለት እጅ ነው።

በሩን ገፍቶ ገባ።

«ምንድነው የሰጠሽው?»

ልጅቱ ወረቀቱን እንደያዘች ዞረች። «አባባ፣ ለምን መጡ?»

«ከሻምበሉ በፊት ልድረስ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ዞረ፤ ጋሽ ወስፌም አወቀው። በቆዳ ፋብሪካው አርባ ዓመት የሠራው ቆዳ አልፊ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከማልፊያ ጉድጓዶች ራስ ላይ ስለማይጠፋ አባ ገንዳ ይሉታል። እጆቹ እስከ ክርኑ ቆዳ በሚዘፈዘፍበት የዛፍ ቅርፊት ውኃ ጠቁረው ቀርተዋል። ሽማግሌው አልደነገጠም፤ ሰው መምጣቱ ካልቀረ ከሌላው ይልቅ እሱ መምጣቱን እንደሚመርጥ ተናግሮ በርጩማ አቀረበለት። ከዚያም ከጋዜጣው ውስጥ የተገነጠለ የጫማ ሶል አውጥቶ፣ በስለታም የቆዳ ቢላው እንደ አይብ ለሁለት ቆረጠውና የተቆረጠውን ጎን ወደ ብርሃኑ አዞረለት።

ዳርና ዳሩ ቡናማ ነው። መሃሉ ላይ ግን ከጫፍ ጫፍ ነጣ ያለ፣ እንደ ጅማት የሚያብረቀርቅ መስመር ተጋድሟል።

«ይኸውልህ» አለ አባ ገንዳ። «ይህ ቆዳ አልለፋም። ላዩ ጫማ፣ ሆዱ ገና የትናንቱ በሬ ነው። ሲደርቅ ድንጋይ ይሆንልሃል፤ ውኃ ሲያገኝ ይበሰብሳል።»

የሶል ቆዳ ጉድጓድ ውስጥ አራት ወር እንደሚተኛ ጋሽ ወስፌም ያውቃል። ሽማግሌው እንደነገረው፣ ከአራት ወር በፊት አንድ የትዕዛዝ ወረቀት መጣ፤ ቆዳው በሃያ አምስት ቀን ይውጣ የሚል። በሃያ አምስት ቀን የሚለፋው የፍየል ቆዳ ነው ብሎ ቢከራከር፣ ዕድሜህ ገፍቷል ተብሎ ከአርባ ዓመት ሥራ በኋላ ተሰናበተ። ትዕዛዙን ከግድግዳው ገንጥሎ ይዞ ወጣ። ልጅቱ ያንን ወረቀት ስጡኝ እያለች ለአምስት ቀን ተመላልሳበታለች፤ እሱ ደግሞ ፈርቶ ሲያመነታ ቆይቶ ዛሬ ገና እሺ ማለቱ ነው።

ጋሽ ወስፌ ወረቀቱን ተቀብሎ ከታች ያለውን ፊርማ አነበበ። የሻምበሉ ነው።

ያኔ ገና ስለ ሶሉ ለመጠየቅ ትዝ አለው። ከየት አመጣሽው አላት። ልጅቱ ደረቷ ውስጥ እጇን ከትታ፣ ከላብና ከመታጠፍ ብዛት የለሰለሰ ደብዳቤ አወጣችና አቀበለችው። የልጁ የእጅ ጽሑፍ ነው። በፖስታ አልመጣም፤ ስድስት ሳምንት ሆኖታል፤ እጁ የቆሰለ አንድ ወታደር ከሶሉ ጋር በኮሮጆ ይዞ በሌሊት ፈረቃ መውጫ ላይ አስረክቧታል።

ልጁ የጻፈው አጭር ነበር። ዘጠኝ ቀን በጭቃ ሄዱ። በአራተኛው ቀን የጫማው ሶል ወለቀ፤ በሽቦ አሰረው። በስድስተኛው ቀን ሽቦውም ቆዳውን ቆርጦ ወጣ፤ በጆንያ ጠቀለለው። ከዚያ ተራራው ላይ ውርጭ አገኛቸው። የግራ እግሩ ጣቶች በሙሉ፣ ከቀኙ ደግሞ ሁለቱ ተቆርጠዋል፤ ከርሱ ጓድ ብቻ አሥራ አንድ ሰው እንዲሁ ሆኗል። ደህና እንደሆነ፣ እንደሚበላ፣ እንደሚተኛም ጽፏል። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሯል፦ ለአባባ እንዳትነግሪው፤ ማኅተሙን አይቼዋለሁ።

ጋሽ ወስፌ ደብዳቤውን ሁለተኛ አላነበበውም። በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ እጆቹን አያቸው። አዲሱ ቆዳ የመጣ ሰሞን ወስፌው ሲገባ ይጮህ ነበር፤ ሲጥ ይል ነበር፤ የለፋ ቆዳ እንደዚያ አይጮህም። ሰምቶታል። ለሥራ አስኪያጁ ሲነግረው ሰውየው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በመስኮቱ ወደ ቆርቆሮ ሣጥኗ አመለከተው። ዝም አይነቅዝም አለና ጋሽ ወስፌም ዝም አለ። በቀን አራት መቶ ጊዜ፣ ለሦስት ወር፣ ማኅተሙን እየመታ ዝም አለ።

«እርስዎን ጠርጥሬ አይደለም የደበቅኩት» አለች ምራቱ ቀስ ብላ። «እንዳይሰበሩብኝ ብዬ ነው።»

እሱ ግን ጠርጥሯት ነበር። ያንን አልነገራትም።

ፋብሪካ ሲመለሱ ግቢው ተለውጦ አገኙት። የጭነት ባቡሩ በፋብሪካው ሐዲድ ገብቶ ቆሟል፤ ወታደሮች ሣጥን ይደረድራሉ። ስድስት ሺህ ጥንድ ከስክስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሚነሳው ክፍለ ጦር ጋር ይሄዳል። የሚረከበውም ኮሎኔል ራሱ መጥቶ፣ ከፉርጎዎቹ ጎን እጁን ወደኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል። የቀረው የጋሽ ወስፌ ማኅተም የጭነት ወረቀቱ ላይ ማረፍ ብቻ ነው።

ሻምበሉ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ብቻውን ነበር። ጋሽ ወስፌ ቆሞ ሁሉንም ነገረው፤ ትዕዛዙንም ፊቱ አስቀመጠለት። ሻምበሉ የገዛ ፊርማውን ረጅም ጊዜ አየው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ድካም ነበር፤ ጋሽ ወስፌ ከቁጣው ይልቅ ይህን ፈራ።

«ፊርማው የኔ ነው» አለ። «ችኮላው ግን የኔ አይደለም። እኔን ያስቸኮለኝ አለ፤ እሱን ደግሞ የሚያስቸኩል አለ። ጠላት ወንዙን ሲሻገር፣ ቆዳው ይድረስ ብሎ አራት ወር አይጠብቅልንም። በባዶ እግር ከሚሄዱ በመጥፎ ጫማ ይሂዱ።»

«ጌታዬ፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው የሚረግጠውን ያያል። ጫማ አለኝ ብሎ የሚሄደው ነው የሚወድቀው።»

ሻምበሉ ትዕዛዙን አራት ቦታ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ቁልፉንም ቆለፈ። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታውን ጣለ።

«ይህ ወረቀት የለም» አለው። «ምራትህ ግን ከሥራ ከተባረረ ሰው ጋር በድብቅ ስትገናኝ መክረሟ፣ ያልተመረመረ ደብዳቤ መደበቋ፣ ይህ አለ። በሣጥኗ ገብቶልኛል፤ አንተም ትናንት አላውቅም ብለሃል። ውረድና ማኅተምህን ምታ። ልጅቷ ዛሬ እቤቷ ታድራለች።»

ጋሽ ወስፌ ማኅተሙንና የቀለሙን ጣሳ ይዞ ደረጃውን ወረደ። የወረደባቸው ደረጃዎች አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሐሳብ መጥቶበት በሚቀጥለው ላይ ትቶት ሄዷል። ለልጁ የተረፉለት ሰዎች እሱና እሷ ብቻ ናቸው። እሷን ከወሰዱበት ልጁን በምን ፊት ያየዋል? ካላስወሰዳትስ፣ እነዚያን ስድስት ሺህ የሰው ልጆች በምን ፊት ይሸኛል? ሴቶቹ ሁሉ ሥራ አቁመው በመስኮቶቹ ላይ ተደርድረዋል። ምራቱም ከመካከላቸው አለች፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ምንም ምልክት አልሰጠችውም፤ ግን ከመስኮቱ ዞር አለች፤ ወደ ደረጃው እንደሆነ ገባው።

ጸሐፊው የጭነት ወረቀቱን በሰሌዳ ላይ ዘርግቶ ጠበቀው። ጋሽ ወስፌ ማኅተሙን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቅርብ ያለውን ሣጥን ክዳን አንስቶ አንድ ከስክስ አወጣ፤ በወገቡ ያለውን የሥራ ቢላ መዝዞ ሶሉን ከመሃል ቆረጠው። ሁለት ወታደሮች ዘለው እጁን ያዙት። ሻምበሉ ከኋላ እየሮጠ ደርሶ፣ የሚፈለገው ሰው ይህ መሆኑን፣ በመጨረሻ ራሱን በራሱ እንዳጋለጠ ለኮሎኔሉ ተናገረ። ጋሽ ወስፌ ከመስኮቶቹ ላይ ጉምጉምታ ሲነሳ ሰማ። ቀና ብሎ ሲያይ፣ ጋሽ እያሉ የሚጠሩት ሰዎች ፊት ላይ ያየው ነገር፣ እሱ ራሱ ትናንት በመስታወቱ ውስጥ ምራቱን ያየበት ዓይን ነው። ለካስ እሱ ኖሯል እያሉ ነበር።

ኮሎኔሉ ትልቅ ሰው ነው፤ ጺሙ ሸብቷል። የተቆረጠውን ሶል ከመሬት አንስቶ አገላበጠው። ይህ ነጩ ምንድነው ብሎ ጠየቀ።

«ጥሬ ነው፣ ጌታዬ» አለ ጋሽ ወስፌ። «ቆዳው አልለፋም። ሦስት ወር ሙሉ እያወቅሁ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።»

ሻምበሉ የለፋ ቆዳም እንዲህ እንደሚመስል፣ ጋሽ ወስፌ እንደሚያታልል ሊያስረዳ ሞከረ። ኮሎኔሉ አላቋረጠውም። ሣጥኑ ላይ ተቀመጠና የራሱን የቀኝ እግር ጫማ ፈታ፤ በካልሲ እንደቀረ ቢላውን ከወታደሩ እጅ ተቀብሎ የገዛ ሶሉን ጫፍ ቆረጠ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዛቸው። የኮሎኔሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጥቁር ቡናማ ነው፤ ነጭ የሚባል ነገር የለበትም። ዙሪያውን የቆሙት ወታደሮች ሁለቱን አዩ፤ ከዚያም አንድ በአንድ የየራሳቸውን እግር ማየት ጀመሩ። ምራቱ ያን ጊዜ ነው በሰዎቹ መካከል አልፋ የለሰለሰውን ደብዳቤ ለኮሎኔሉ የዘረጋችለት።

አንብቦ ሲጨርስ ጫማውን አጥልቆ ተነሳ።

«ሣጥኖቹን አውርዱ» አለ። «ሰውየውንም፣ ሴትዮዋንም ያዟቸው። ሻምበል፣ አንተም መሣሪያህን ፍታና ከነሱ ጋር ና። ማን እውነት እንደተናገረ በኋላ እናያለን፤ ዛሬ ማንንም አላምንም።»

ጋሽ ወስፌን አሥራ አንድ ቀን፣ ምራቱን ስድስት ቀን አሰሯቸው። ሦስት ሰዎች እየተፈራረቁ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ባቡሩን አቁም ብሎ የላከህ ማነው? ማንም አልላከኝም ባለ ቁጥር ይጽፉና እንደገና ይጠይቁታል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለቀቁት። ንጹሕ ነህ ያለው ሰው የለም፤ ፋብሪካው ስፌት የሚያውቅ ሰው ስለቸገረው ነው። ሻምበሉን ከዚያ በኋላ ያየው አልተገኘም። አንዳንዱ ጦር ግንባር ተላከ አለ፣ አንዳንዱ ተሾመ አለ፤ ሁለቱም የሚታመን ነበር። የምራቱን ስም ጽፎ ሣጥኗ ውስጥ የከተተው ሰውም እስከ መጨረሻው አልታወቀም።

ከስድስት ሺሁ ጥንድ በድሮው ቆዳ ተሠርቶ መጋዘን የቆየው ሁለት ሺሁ ብቻ ተለይቶ ሄደ። ለቀረው፣ በየመንገዱ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሕዝቡ ጫማውን እንዲያመጣ ለፈፈ። ከተማው አመጣ። ጸሐፊዎች የቢሮ ጫማቸውን፣ ባልቴቶች የሞቱ ባሎቻቸውን ጫማ እስከነ ቀለሙ፣ የትያትር ቤቱ ሰዎች የመድረክ ቡት አመጡ። ሰው ሰልፍ ላይ ቆሞም የጎረቤቱን እግር ነበር የሚያየው፤ የተሻለውን እቤት ደብቆ እንደሆነ። ጋሽ ወስፌ የተቆጣጣሪነት ቢሮዋን ተነጥቆ ከሴቶቹ መካከል አንድ መኪና ተሰጠው፤ የመጣውን ጫማ እየፈታ በሁለት ሶል ይሰፋል። አጠገቡ የምትሠራው ሴት በመጀመሪያው ቀን ወንበሯን ፈቀቅ አደረገች። በሦስተኛው ሳምንት ሰም አውሰኝ አለችው። ይኸው ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም አልተባለም።

የቁስለኞቹ ባቡር በወሩ ገባና ልጁን ከሌሎች ጋር የድሮው ትምህርት ቤት ውስጥ አስተኙት። እሑድ ከሰዓት ምራቱ ቀድማ ሄዳ ነበር። ጋሽ ወስፌ የካርቶን ወረቀቶችና እርሳስ በብብቱ ይዞ ሲገባ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ካለችው አልጋ ላይ ልጁ አየውና እግሩን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሳበ።

ስለ ደብዳቤው አልተነጋገሩም። ልጁ ከስቷል፤ ጺም አብቅሏል። አባትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን እንዲያወጣ ነገረው። ተወው አባባ አለ ልጁ። ጋሽ ወስፌ አልተወውም፤ ብርድ ልብሱን ገልጦ፣ ካርቶኑን ከሥሩ አንጥፎ፣ የግራውን እግር ዙሪያ በእርሳስ እየተከተለ መሳል ጀመረ። ጣቶች መኖር ከነበረባቸው ቦታ ሲደርስ እርሳሱ የሚሄድበትን አጥቶ ቆመ። ምራቱ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። እሱም እርሳሱን ወደ ውስጥ አዞረውና መስመሩን ገጠመው።

በሚቀጥለው አልጋ የተኛው ሰው፣ ሁለት እግሩ በፋሻ የተጠቀለለ ሃምሳ አለቃ፣ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቷል። ጫማ ሰፊ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ጋሽ ወስፌ ነኝ አለ። የት ነው የምትሠራው አለው። ልጁ ፈጥኖ ሌላ ወሬ ሊያነሳ ሞከረ። አባትየው ግን እርሳሱን አስቀምጦ፣ ከወገቡ ቀና ብሎ፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙት ተናገረ።

«የከስክሱ ፋብሪካ ነው። እዚያ የተራመዳችሁባቸውን ጫማዎች አይቼ፣ ደህና ናቸው ብዬ ያሳለፍኳቸው እኔ ነኝ።»

አሥራ ስድስት አልጋ ነበር። በኮሪደሩ የነርሷ ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማል። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሃምሳ አለቃው ጋሽ ወስፌን ከራስ ጸጉሩ እስከ ጣቶቹ ሲመረምር፣ ይህ ሰው ለምን መጣ፣ ምን ፈልጎ ነው የሚለውን ሁሉ ጋሽ ወስፌ በሰውየው ፊት ላይ አነበበው። ከዚያ ሰውየው በሁለት እጁ ጭኑን ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ አንድ እግሩን ከብርድ ልብሱ ወደ ውጭ ገፋ።

«እንግዲያው ሰፋ አድርገህ ለካ» አለ። «ማታ ማታ ያብጣል።»